አርባ ሰባት ጊዜ የታተመ አውራ ጣት

ጋሼ ዑመይር ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ሃያ ስድስት ዓመት ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ፍቺም ይሁን የድንበር ክርክር፣ የጠፋ መታወቂያም ይሁን የጡረታ ጥያቄ፣ አጀማመሩም አጨራረሱም አንድ ነው። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» ብለው ይገባሉ፤ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብለው ይወጣሉ። የባለጉዳዩ እውነት መሃል ላይ ሦስት መስመር ቢደርሳት ነው።

«ቢሮ ሰው አያነብም፣ ልጄ ፍቅርአዲስ። ቅርጹን ነው የሚያየው» ይሉኝ ነበር። የሰፈራቸው ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬ ደግሞ ወልቂጤ፣ የዞኑ ምክር ቤት መዝገብ ቤት ነው። ልክ እንደሆኑ ስለማውቅ ይበልጥ እናደድባቸው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ደብዳቤ ተሸክመው ቢሮዬ ገቡ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ሐሙስ ምክር ቤቱ የዞኑን የአየር ንብረት ዕቅድ ያጸድቃል፤ ከሰፈራችን በላይ ያለው ተራራ በዕቅዱ ውስጥ ገብቶ ከግጦሽና ከቁፋሮ ይከለል ወይስ ይቅር የሚለው ገና አልተቆረጠም። አምና ከዚያ ተራራ የወረደው ጎርፍ ስምንት ቤት አፍርሷል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ናሙና ደብዳቤ ሰጥቷቸው፣ «ተመራጮቻችሁን በደብዳቤ አጥለቅልቁ» ብሏቸዋል። ጋሼ ዑመይርም ናሙናውን ፎቶ ኮፒ አስነስተው፣ ስም እየሞሉ፣ መጻፍ የማይችለውን አሻራ እያስደረጉ አመጡት። አንዱ ካንዱ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። ሃያኛው ላይ ስደርስ ሳላየው መመዝገብ ጀመርኩ።

ዕቅዱን የሚያቀርበው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ገብረወልድ ብቅ አሉና ጥቂቱን አነሱ። የመጀመሪያውን አነበቡት፤ ሌሎቹን ገለጥ ገለጥ ብቻ አደረጉ።

«ይሄ እኮ አንድ ደብዳቤ ነው» አሉ።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈርሞበታል» አልኩ።

«ሰው ነው የፈረመው?» አሻራዎቹን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ማየት ጀመሩ። ከዚያ አሻራ ያለባቸውን ሁሉ ይለዩ ጀመር፤ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ። ሲጨርሱ ለብቻ የተቀመጡት አርባ ሰባት ነበሩ። በሁሉም አሻራ ላይ አንድ ዓይነት ሰያፍ ጠባሳ አለ።

የጋሼ ዑመይር ቀኝ እጅ ኪሳቸው ውስጥ ሲገባ አየሁ። ጠባሳውን አውቀዋለሁ፤ ታይፕ ላይ የተሳሳተ ፊደል በምላጭ ሲፍቁ ያገኛቸው ነው። ዝም ቢሉ እኔም ዝም እል ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

እጃቸውን አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «የኔ ነው። በእድራችን ስም ሲጠራ ሰውየው ከሌለ ጎረቤቱ ‹አለ› ይልለታል። ይኸው ዕድሜያችንን ሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው። ችግኝ ተከላ ላይ ለነበሩት፣ ገበያ ለወጡት አተምኩላቸው። ጎርፉ እንደሆነ ማንንም አይመርጥ።»

«እድር ሌላ፣ ምክር ቤት ሌላ» አሉ አቶ ገብረወልድ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው። «ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ባለቤቶቹ መጥተው ይናገሩ። አለበለዚያ አርባ ሰባቱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም እጥለዋለሁ። እርስዎም በሕግ ይጠየቃሉ።»

ሐሙስ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆሜ ነበር። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አቧራ የለበሰ አይሱዙ ደረሰ። ሃያ ሦስት ሰው ወረደ። የቀሩት ግማሾቹ በርበሬ ተከላ ይዟቸዋል፤ ግማሾቹ ፈርተዋል።

አቶ ገብረወልድ በየተራ ጠየቋቸው። «ደብዳቤዎ ምን ይላል?» የሚያውቅ ጠፋ። ጋሼ ዑመይር ግድግዳውን ተደግፈው ላባቸው ይወርዳል። ጎረቤታቸው ሳሌሃ ተራዋ ሲደርስ ቆጣ አለች።

«የሚለውን አላውቅም፤ እኔ ልንገርህ። ድሮ ዝናቡ ቀስ እያለ ነበር የሚመጣው። አሁን ሁለት ወር ይጠፋና ባንድ ከሰዓት የዓመቱን ያወርደዋል። አምና የጓዳዬን ግድግዳና ሁለት ላሞቼን ወሰደ። ልጄን ጭቃ ውስጥ በፀጉሯ ይዤ ነው የጎተትኳት። ተራራው ከተራቆተ ዘንድሮ ማንን ልያዝ? ይሄን ይላል ወረቀቱ?»

«አይልም» አሉ አቶ ገብረወልድ። ወረቀቱ የሚለው «የዓለም ሙቀት መጨመርን ከመከላከል አኳያ» ነበር። ብዕር አንስተው የተናገረችውን ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ።

የመጨረሻው ሀቢቡ ነበር፤ የጋሼ ዑመይር ታናሽ ወንድም። ጋሼ ዑመይር እሱን ሲያዩ ትከሻቸው ዘና አለ።

«የኔ አይደለም» አለ ሀቢቡ።

ወደ ሰብሳቢው ዞሮ ቀጠለ።

«ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ተራራው ሥር ካለው የድንጋይ ማውጫ፣ ከካባው፣ መኪና ላይ ድንጋይ እጭናለሁ። ተራራው ከተከለለ ካባው ይዘጋል። አራት ልጆች አሉኝ። የመጣሁት ጋሼ እንዳይታሰርብኝ ነው፤ ግን ያላልኩትን ብያለሁ አልልም።»

ጋሼ ዑመይር ከግድግዳው ተላቀው ወደ እኔ መጡ። ንጹሕ ወረቀት ለመኑኝ። ወንድማቸው አጠገብ ተቀመጡና «በል ንገረኝ» አሉት። ሀቢቡ ተናገረ፤ እሳቸው ጻፉ። ርዕስ የለው፣ ታላቅ አክብሮት የለው፤ ሰባት መስመር ነው። አነበቡለት። ሀቢቡ በገዛ አውራ ጣቱ አተመ። የራሳቸውን ልመና የሚያፈርሰውን ደብዳቤ በገዛ እጃቸው ለሰብሳቢው ሰጡ። ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ብዬ መዘገብኩት።

በጉባኤው ላይ የተነበቡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የሳሌሃና የሀቢቡ። ብዙ ተጨቃጨቁ። ተራራው በጠባብ የድምፅ ልዩነት ዕቅዱ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ ደብዳቤዎች በሲባጎ ታስረው መደርደሪያዬ ላይ ተቀመጡ፤ የፈታቸው ሰው የለም። አቶ ገብረወልድ ክሱን ትተው፣ ባለቤት ያልቀረበባቸውንና ሀቢቡ «የኔ አይደለም» ያለውን ለጋሼ ዑመይር መልሰውላቸው ነበር። መስከረም ላይ ካባው ተዘጋ። ሀቢቡ ቤተሰቡን ይዞ አዲስ አበባ ገባ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቡታጅራ ሄጄ አገኘኋቸው። አሁን ባለጉዳዩን ጠይቀው ጠይቀው እስኪያሰለቹት ድረስ ወረቀት ታይፑ ላይ አያስገቡም። በሀቢቡ ስም ያተሙት ደብዳቤ ግን የታይፑ ክዳን ውስጥ አለ።

«አሁንም ይቆጭዎታል?» አልኳቸው። «ተራራው ለምልሟል፤ ሳሌሃም ቤቷ ቆሟል። እንደ እድሩ ወግ ነው ያደረጉት።»

«ለሌሎቹ አዎ፣ እንደ እድሩ ነው» አሉ፤ አውራ ጣታቸውን እያሹ። «ሀቢቡ ግን ያን ቀን ገበያ አልወጣም፣ ችግኝ አልተከለም። ከኔ አጥር ወዲያ ቤቱ ነበር። ብጠይቀው እምቢ እንደሚለኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኩት።»