ለሚካኤል ያልኩት መጠቅለያ

በዚያ ዓመት ከእጄ የወጣው ነገር ሁሉ ይጣመምብኝ ነበር። ለልጄ ባል ሹራብ ሠራሁለት፤ አንደኛው እጅጌ ከሌላው በስንዝር በለጠ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ለብሶት ወጣ። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ላይ ጓደኞቹ "ምነው፣ አንዱ እጅህ ከመቼ ወዲህ አደገ?" ብለው ሲስቁበት፣ "አማቴ ናት፤ አንዱን ጎንደር፣ አንዱን አይከል ሆና ነው የሠራችው" ብሎ መለሰላቸው።

እውነቱን ነው። እኔ አንድ ቤት አልቀመጥም። ባሌ ካረፈ ወዲህ ጎንደር ከወንዱ ልጄ፣ አምባ ጊዮርጊስ ከሴቷ ልጄ፣ አይከል ከእህቴ እያልኩ እዞራለሁ። ክርና መርፌዬን በከረጢት ይዤ አንዱ ቤት የጀመርኩትን ሌላው ቤት እጨርሳለሁ። መርፌ የያዝኩት ደግሞ በስተርጅና ነው። ጎንደር ልጄ ግቢ ተከራይታ የነበረች ሴት አስለመደችኝ። ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም፤ ፊደሉን ከቄስ አጎቴ ለቃቅሜያለሁ፣ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አልጠናልኝም። ተከራይዋ "እማማ፣ ሠላሳ ዓይን ይጀምሩ" ስትለኝ ጠፋኝ። ዓይን የምንለው መርፌው ላይ የምትንጠለጠለውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት ነው። ኋላ የራሴን ዘዴ አገኘሁ። የወሩን ቀን ሁሉ በታቦቱ አውቀው የለ? ልደታ ብዬ ጀምሬ፣ በዓታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም እያልኩ ማርቆስ ስደርስ አንድ ወር ሞላ ማለት ነው። ሠላሳ ዓይን።

ዘዴው ሸጋ ነበር፤ ግን ሰው ካናገረኝ ይጠፋኛል። ለወንዱ ልጄ ቆብ ስሠራለት ጎረቤት መጥታ ስናወራ፣ ገብርኤል ላይ ልሁን ማርያም ላይ ተምታታብኝና ቆቡ የእንስራ አፍ አከለ። ልጄ አንገቱ ድረስ አጥልቆ "እማ፣ የት ነሽ? ጨለመብኝ" እያለ ግቢውን ዞረበት። ያማረልኝ አንድ ነገር ቢኖር አምባ ጊዮርጊስ ላለችው ለሴቷ ልጄ አማት የሠራሁት የእግር ሹራብ ነው። አማትዬዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እትዬ ነው የምላት። ምስጋና የማይወጣት ሴት ናት። አድርጋው ሦስት ቀን ቆየችና "በዚህ በእኛ ወገራ ውርጭ ውስጥ እግሬ እንዳለ አወቅሁ" አለች። በዚህ ምርቃት ክረምቱን ሙሉ ስኩራራ ከረምኩ።

ልጄ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሁለተኛዋ ነበር። ፊተኛውን እቤት ስታምጥ ውላ አድራ፣ ዘግይታ ሆስፒታል ደርሳ በቀዶ ጥገና ነው ያወጡላት፤ ሕፃኑም አልተረፈ። ስለዚህ አሁን ሐኪሟ አጥብቆ ነገራት። "ከቀኑ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድመሽ ጎንደር ግቢ። ምጥ እቤትሽ ከጀመረሽ የድሮው ስፌት ሊተረተር ይችላል" አላት። መተርተር የምለው እኔ የተበላሸ ሹራብ ስፈታ ነበር። ሐኪም አፍ ላይ ስሰማው ሌላ ቃል ሆነብኝ።

በምስል አይተው የመውለጃ ቀኗን በወረቀት ጻፉላት። ወረቀቱን ጎንደር ወንዱ ልጄ ቤት ተሰብስበን ባሏ አነበበው። "ዲሴምበር። ዲሴምበር ማለት ታኅሣሥ ነው። አሥራ ሁለት" አለ። ገና አፉን ሳይዘጋ እኔ ነኝ የነጠቅኩት።

"ሚካኤል!" አልኩ። "ታኅሣሥ ሚካኤል!"

እልል አልኩ። ልጄም ሳቀች። ባሏ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በዓታን ታኅሣሥ ሦስት እዚያው አምባ ጊዮርጊስ አንግሠው በአቦ ቀን፣ አምስት ላይ ጎንደር እንዲወርዱ ተማከርን። ሳምንት ቀድሞ መግባት ያ ነው፤ ማንም ደግሞ አልቆጠረውም።

ኅዳር ሲገባ አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁና ነጭ መጠቅለያ ጀመርኩ። ሦስት ወር ዓይን ስፋት። እትዬ አንድ ቀን አጠገቤ ቆመች።

"ምንድን ነው?"

"የአንገት ልብስ።"

"የማን አንገት? ይኼ የበሬ አንገት ይጠቀልላል።"

ሥራውን ጭኔ ላይ አጠፍኩት። አጠገቤ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያልተወለደ ልጅ ልብስ አይዘጋጅለትም፣ አንቺ። ለፊተኛው እኔ ቀሚስ አሰፋሁለት። እስካሁን ሣጥን ውስጥ አለ። አውጥቼ መስጠትም፣ ማየትም አቃተኝ።"

ከዚያ ወዲህ ተደብቄ እሠራ ጀመር። መሥራቱን አልተውኩም፤ ግን እጄ ታከተ። ዓይን ይወድቅብኛል፣ ወደ ኋላ እተረትራለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ከተማው ራሱ ደስ አይልም ነበር። በተኩስ ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። አውቶቡስ ተራው ባዶ ሲሆን የሚንጫጩት ቁራዎች ብቻ ናቸው። ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ "ደህና አደራችሁ?" ብሎ ሳይጨርስ ወደ መንገዱ ያያል።

ክሩ አለቀብኝ። መንገድ የተከፈተ ቀን ወደ ጎንደር ወረድኩ፤ የልጄን ማረፊያ ላዘጋጅ፣ ክርም ልገዛ። ፒያሳ ዘወትር ክር የምገዛባት ሴት አለች። ስታየኝ ሳቀች።

"እማማ መጡልኝ! ዛሬ ደግሞ ምን ሊያበላሹ ነው?"

"ነጩን ስጪኝ፣ አትቀልጂ። ለታኅሣሥ ሚካኤል የሚደርስ እንግዳ አለብኝ።"

"ሚካኤልን ማን መረጠለት?"

"ሐኪም። በምስል አይቶ ወረቀት ላይ ጻፈው።"

ክሩን ከመደርደሪያ ስታወርድ እጇ ቆመ። "ቀኑ በእኛ ነው በፈረንጅ?"

"ምኑ?"

"የተጻፈው ነዋ። ዲሴምበር ነው የሚለው ወይስ ታኅሣሥ?"

"ዲሴምበር። አሥራ ሁለት።"

ግድግዳው ላይ ካሌንደር ነበራት። በየቀኑ ከትልቁ ቁጥር ሥር አንዲት ትንሽ ቁጥር አለች፤ የፈረንጁ ናት። ሴትየዋ ጣቷን ሚካኤል ላይ አሳረፈች። "ሚካኤል እዚህ ነው፤ ከሥሩ ያለችው ሃያ አንድ ትላለች" አለች። ከዚያ ጣቷ ወደ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። "አሥራ ሁለቷ ይኼውልዎት። በዓታ ናት፣ እማማ። ታኅሣሥ ሦስት።"

"ዛሬ ማን ነው?" አልኳት፤ እያወቅሁ።

"መድኃኔዓለም ነዋ።"

ስድስት ቀን ብቻ ነበር። ልጄ ለመውረድ ያሰበችው ቀን ከመውለጃዋ ሁለት ቀን ያለፈ ነበር። ክሩን እንዴት እንደተቀበልኩ አላስታውስም። ወንዱ ልጄ ቤት ሮጥኩና አምባ ጊዮርጊስ ስልክ አስደወልኩ። ያቺ የስልኳ ሴትዮ "ማግኘት አይቻልም" ትላለች፤ ደጋግመን ብንሞክርም እሷው ናት። አማኑኤል ዕለት ማለዳ መናኸሪያ ሄድኩ። ወደ አምባ ጊዮርጊስ የሚሄድ መኪና የለም። ከረጢቴ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ መርፌውን አወጣሁ፤ አንድ ዓይን አመለጠኝ። ለማስተካከል ክሩን ልተረትር ስል ያ ቃል መጣብኝ፣ እንደ ተበላሸ ተውኩት።

በማግስቱ ድንች ለመጫን ባዶውን የሚወጣ አይሱዙ የጭነት መኪና ተገኘ። ሹፌሩ ሽበታም ነው።

"አያ፣ እባክዎ ይውሰዱኝ።"

"ምነው እቴ፣ በዚህ ሰሞን እንዲህ ብቻዎን ወዴት?"

"ልጄ ልትወልድ ነው፤ ቀኑን ተሳስተናል።"

ሰውየው ሌላ አልጠየቀም፤ በሩን ከፈተልኝ።

ስደርስ ልጄ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው።

"እማ! እኛ ልንወርድ አልነበር? ምን አመጣሽ?"

"ወገብሽን ምን ሆነሽ ነው?"

"ከትናንት ጀምሮ ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል። ምንም አይደል።"

ባሏ ወረቀቱን አውጥቶ ደጋግሞ አየው። "አሥራ ሁለት እኮ ነው የሚለው" አለ። "የእነሱ አሥራ ሁለት ነው" አልኩት። ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ። እትዬ እንደ ወትሮዋ የምትከራከረኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ጓዳ ገብታ ጋቢዋን አምጥታ ለልጄ ደረበችላት። 

ሹፌሩ እንደ ተስማማነው ድንቹን ጭኖ በማግስቱ ማለዳ ደጃችን ቆመ። ልጄን ጋቢና መሀል አስገባናት፣ እኔ ከጎኗ፤ ባሏ ድንቹ ላይ ወጣ። አንዲት ላስቲክ ይዘናል። የልጅ የሚባል ነገር አንድም አልያዝንም፤ እትዬ አላስያዘችንም፣ እኔም አልተከራከርኳት። መጠቅለያው ግን ከረጢቴ ውስጥ ነበር፤ አልነገርኳትም።

የኮሶዬን መንደር ሳናልፍ ጉም ወረደ። ብዙም ሳንሄድ መኪኖች ተሰልፈው አገኘን። አንድ ሰው መስኮቱን መታና "ወደፊት ተኩስ አለ፣ ጠብቁ" ብሎ አለፈ። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ጸጥ ሲል የልጄ ትንፋሽ ተሰማኝ። ከንፈሯን ነክሳለች።

"ያዘሽ?"

"ትንሽ።" ቆይታ "እማ፣ ክርሽን አልያዝሽም?"

"ምን ልታደርጊው?"

"ሥሪ። እጅሽ ሲቆም እፈራለሁ።"

አወጣሁና ሠራሁ። እሷ እንድትሰማኝ ድምፄን አውጥቼ ቆጠርኩ። ልደታ ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሦስቱንም ወር አንድ ጊዜ ጨርሼ መርፌ ስቀይር ነበር ሕመሙ የሚይዛት። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ወደ ጉሙ እያየ ያዳምጣል። ቀጥሎ ሁለት ወር ሞልቶ ያዛት። ቀጥሎ አንድ ወር ሳይሞላ፣ መድኃኔዓለም ላይ። እጄን ስትይዘኝ ጥፍሯ ገባ። ሹፌሩ ሰማ፤ "እቴ፣ ቅድም ባለወልድን አልፈው ነበር" አለ። ተርጉሜ መንገር አላስፈለገኝም፤ ምጡ እየተቀራረበ እንደሆነ ገብቶታል።

ማርያም ላይ ያዛት። ከዚያ ገብርኤል ላይ። እኔ ከልደታ ስጀምር የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሚካኤል ላይ እንዳይደርስ። ሥላሴ አልኩ፣ መስቀል አልኩ፣ ያቺን አሥራ ሁለተኛ ዓይን ስም ሳልጠራት በዝምታ አሳለፍኳት።

ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ወረደ። በጉሙ ውስጥ ሰዎች ሲያናግር ድምፁ ብቻ ይሰማ ነበር። "ነፍሰ ጡር ይዣለሁ! ስፌት ያላት ናት!" ይላል። ሌላው ድምፅ ምን እንደ መለሰለት አልሰማሁም። ተመልሶ ገባና ሞተሩን አስነሳ። "ኃላፊነቱን ራስህ ውሰድ አሉኝ" አለ፤ ከሰልፉ ወጥቶ በዳር በኩል አለፈ። የልጄ ባል የጋቢናውን ጣሪያ ከላይ ሁለት ጊዜ መታ፣ ደህና ነኝ ለማለት ይመስለኛል። መርፌውን ጨበጥኩ እንጂ ከዚያ በኋላ አንድም ዓይን አልሠራሁም። ተኩሱን ሰማን፤ ሩቅ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከተኩሱ ይልቅ የልጄ ዝምታ ነበር የሚያስፈራኝ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ እኩለ ቀን ነው። ከአልጋ ወደ አልጋ አዛወሯት፣ በር ተዘጋ። ወንበር ነበር፤ አልተቀመጥኩም። ባሏ ሸሚዙ ላይ የድንች አፈር እንዳለ ነበር።

በሩ ተከፍቶ ነርሷ ወጣች። "የሕፃኑ ልብስ!" አለች።

ተያየን። ባሏ ላስቲኩን ከፈተ፤ የእናትየው ልብስ ብቻ ነው።

"ምንም አላመጣችሁም? ይበርዳታል እኮ!"

ይበርዳታል አለች፤ ሴት መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከረጢቴን ከፍቼ መጠቅለያውን ሰጠኋት። አላለቀም፤ አንዱ ጫፍ መርፌው ላይ ነው።

"መርፌውን ያውጡልኝ እንጂ፣ እናቴ፣ ይወጋታል!"

ሳወጣው ሦስት ወር ዓይን እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ። ነርሷ ነጥቃኝ ስትሮጥ ክሩ ከረጢቴ ውስጥ ካለው ጥቅል ጋር አልተለያየም ነበርና፣ እየተሳበ፣ አንድ ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላ ዓይን ሲተረተር አየሁ። ሮጬ በጥርሴ በጠስኩት።

ቆይቶ ሐኪሙ ወጣ። ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። "ሁለቱም አሉ" አለ። "ስፌቱ ሳስቶ ነበር። በአቦ ቀን ቢሆን..." ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስለ አቦ ቀን ማን እንደ ነገረው አላውቅም፤ ባሏ ይሆናል።

ሳምንት ሙሉ ጠያቂ አልጠፋም። ልጄ ትራስ ተደግፋ ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ታወራለች። "እማ ናት ያዳነችኝ። ክር ልትገዛ ሄዳ ቀኑን አወቀች፤ በተዘጋ መንገድ መጣችልኝ" ትላለች። ሴቶቹ እጄን ይስማሉ፣ "የእናት ነገር" ይላሉ። እትዬም መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ።

ቀኑን መጀመሪያ ሚካኤል ያለው ማን እንደሆነ ልጄ ረስታዋለች። እኔም አልነገርኳትም። ልነግራት አፌን ስከፍት "እማ፣ አንቺ ባትኖሪ" ትለኛለች፤ ይዘጋብኛል። ባሏ ግን እዚያ ነበር፤ ወረቀቱን ይዞ ሲያነብ የእኔን እልልታ ሰምቷል። አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የሕፃኗን እግር ይሸፍናል። ልጄ "እማ ናት ያዳነችኝ" ባለች ቁጥር ቀና ይልና አንዴ ያየኛል፤ ከዚያ ወደ ሕፃኗ እግር ይመለሳል።