ስድስተኛው አለባበስ

ከባለቤቴ አባት ጋር በአንድ ገመድ ታስረን ነው የተወሰድነው። ጣሊያኖቹ እስር ቤት ያደረጉት መንዝ ውስጥ የገብስ ማከማቻ የነበረ የድንጋይ ቤት ነው፤ ውስጡ በግና አሮጌ ገብስ ይሸታል። ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከአማት ጋር አንድ መደብ ላይ መተኛት እንዴት እንደሚያሳፍር የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

ስንቅ የሚያመጡልን የባለቤቴ እናት ነበሩ። ቀን ቀን የወታደሮቹን በቅሎዎች ስንጭን፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው መንደር የትኛው እንደሆነ እንሰማለን። ለእሳቸው እንዳንነግር ደግሞ በር ላይ መነጋገር ሊከለከል ነው ተባለ። በልብስ መነጋገርን ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው፤ ስንቅ ለመቀበል የሚወጣው ሰው አለባበስ የመንደሩን ስም ይናገራል።

ያለን የእኔ ጋቢና የባለቤቴ አባት በርኖስ፣ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ሱሪ ነው። ጋቢው ከሁለቱም ሱሪ ጋር ይለበሳል፤ በርኖሱም እንዲሁ። ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት። በዙሪያችን ያሉት መንደሮች ግን ስድስት ናቸው።

"ሁለቱን ለእግዜር እንተዋቸው?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ያለ ሱሪ መውጣትም አንድ አለባበስ ነው፤ ከታች ሦስት፣ ከላይ ሁለት፣ ስድስት ይሆናል።"

"አይ አንተ! ቄስ ትምህርት ቤት የገባኸው ለዚህ ነው?" ብለው ሳቁ።

በርኖስ ፊቱ ክፍት ነው። ስለዚህ በርኖስ ያለ ሱሪ የሚለውን፣ ማንም ዞር ብሎ ለማያያት ለአንዲት የገደል አፋፍ መንደር ሰጠሁት። ተራዋ ቢደርስም ለብሰው የሚወጡት ሽማግሌው ናቸው፤ በሚስታቸው ፊት ምን ነውር አለ? መነጋገር ሳይከለከል ሽማግሌው ስድስቱንም ለሚስታቸው አስጠኗቸው።

ከዚያ መነጋገር ተከለከለ፤ ሽማግሌውንም ለምርመራ ወስደው ውስጥ እግራቸውን ገርፈው መለሷቸው። መቆም አልቻሉም። በማግስቱ በቅሎ ስጭን የሰማሁት የዚያችኑ የገደል አፋፍ መንደር ስም ነው።

"በእንብርክኬም ቢሆን ልሂድ" አሉ።

"አይሆንም አባባ። እኔ እወጣለሁ።"

"እሷ ፊት?" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በእኛ ዘንድ አዲስ አማች በሚስቱ እናት ፊት እህል እንኳ አይቀምስም። እኔ በርኖስ ብቻ ደርቤ ወጣሁ። በሁለት እጄ ጫፍና ጫፉን ጨብጫለሁ፤ አገልግሉን ለመቀበል ግን እጅ ያስፈልጋል። የመንዝ ነፋስ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም። ዘበኞቹ በሳቅ ፈነዱ።

"ሱሪህስ?" አለኝ አስተርጓሚው።

"አጥቤ አሰጣሁት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደንቡ የባለቤቴ እናትም አንገታቸውን እንዲደፉ ነበር፤ አልደፉም። ከእግሬ እስከ ራሴ ቀስ ብለው አዩኝ። ማየት ነበረባቸው። ከዚያ መቀነታቸውን ፈቱና፣ "ልጄን ብርድ እንዳይመታው" ብለው ለአስተርጓሚው፣ በርኖሱን ወገቤ ላይ ራሳቸው አሰሩልኝ። የዘበኞቹ ሳቅ ቀዘቀዘ።

ወታደሮቹ ሲደርሱ መንደሯ ውስጥ ሰውም ከብትም አላገኙም።

ከተፈታሁ በኋላ የባለቤቴ እናት እስኪሞቱ ድረስ ነገሩን አንስተነው አናውቅም። እኔ ስገባ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኔም እደፋለሁ። መቀነቱን ልመልስ ባወጣሁት ጊዜም ሳያዩኝ፣ "ይታጠቁት" አሉኝ እንጂ አልተቀበሉኝም።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ትምህርታቸውን ጮክ ብለው ያጠናሉ። "ሁለት ጊዜ ሦስት" ሲሉ ፊቴ ይግላል። "ስድስት" ከማለታቸው በፊት እጄ ሳላውቀው የወገቤን መቀነት ያጠብቃል።