ከአያ ደሴ ጋር ወደ ዳባት ተኩስ ሜዳ

ሰኞ ማለዳ ከጎንደር አራዳ ተነስተን ወደ ዳባት የሄድነው ተኩስ ለመማር ነው። አያ ደሴ እኔ በቅርቡ የተቀጠርኩበት የእህል መጋዘን የጥበቃ አለቃ ናቸው። የየሻረግም አባት ናቸው። እሷን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ፣ «እናስብበት» ካሉ ወራት አልፈዋል። አሠሪያችን ደግሞ ሥልጠናውን ያላለፈ መሣሪያ እንደማይዝ፣ አለቅነቱም ላለፈው እንደሚሆን ነግሮናል። እንግዲህ ብወድቅ ሥራዬን አጣለሁ፤ እኔ አልፌ እሳቸው ቢወድቁ ደግሞ የሻረግን። በዚህ ጭንቀት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው አያ ደሴ ስለ ተኩሳቸው ለተሳፋሪው ማውራት ጀመሩ። ያልተኮሱበት የአምባ ጊዮርጊስና የገደብዬ ሰርግ የለም። ጎናቸው የተቀመጡት ሴትዮ ያቀፏት ዶሮ ሳትቀር አንገቷን አዙራ ታዳምጥ ነበር።

ዳባት ስንደርስ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ትኩስ ሽሮ በላን። አያ ደሴ ኮረፌ አምሯቸው ነበር፤ ነገር ግን ጠጥቶ የመጣ ሜዳው እንደማይገባ ስለተነገረን የጠላ ቤቱን ደጅ እየተገላመጡ አለፉት።

የመጀመሪያው ቀን

ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ገደል ሥር ነው፤ ከኢላማዎቹ ኋላ ጥይት የሚያስቀር ከፍ ያለ የአፈር ክምር አለ። አሠልጣኛችን ሃምሳ አለቃ አለምነሽ ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። ያን ቀን አንድም ጥይት አልተተኮሰም። አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ አፈሩ፣ ጣት ትዕዛዝ እስኪሰጥ ከምላጭ ውጭ፣ መሣሪያ ሁሉ እንደጎረሰ ይቆጠራል እያሉ አስደጋገሙን። አያ ደሴ ይህን ሁሉ እኔ ከመወለዴ በፊት እንደሚያውቁት በጆሮዬ ነገሩኝ።

ሃምሳ አለቃዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክላሽ አሳይተው ባዶ መሆኑን ጠየቋቸው። ሳይነኩት ባዶ ነው አሉ። ሴትዮዋ ማጉረሻውን ሲስቡት አንዲት የማስተማሪያ ጥይት ዱብ አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ማታ በጆሮዬ ምንም አልተነገረኝም።

ሁለተኛው ቀን

ጆሯችንን ደፍነን ጎን ለጎን በደረታችን ተኛን፤ ለየሰው አምስት አምስት ጥይት ተሰጠን። ተኩሰን፣ መሣሪያው ባዶ መሆኑ ታይቶ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ኢላማው ሄድን። የአያ ደሴ ወረቀት እንደተሰቀለ ንጹሕ ነው። የእኔ ወንፊት ሆኗል። ሌሎቹ ሰልጣኞች ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርጉ ለእኔ የሻረግ ከእጄ ስትወጣ ይታየኛል። ቀዳዳዎቹን ብቆጥር ከተሰጠኝ ጥይት በለጡ። ሮጬ ለሃምሳ አለቃዋ ነገርኩ፤ ለእውነት ብዬ ሳይሆን ለትዳሬ።

ጎንበስ ብለው አዩና መሃሉ ላይ ተጠጋግተው ያረፉትን አሳዩን።

«እነዚህ የእርስዎ ናቸው፣ አያ። እጅዎ ሸጋ ነው፤ የሚያስቸግረው ዓይንዎ ነው። እስከ ዛሬ ወዴት ነበር የሚተኩሱት?»

«በሰርግ፣ በጥምቀት ነዋ። ወደ ሰማይ።»

«ጥይቱስ የት ያርፍ ነበር?»

አያ ደሴ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

የሌላ ሰው ኢላማ መምታት ከመሳት እንደማይሻል ተነግሯቸው፣ መነጽር ይዘው እንዲመጡ አንድ ቀን ተሰጣቸው። ከሰዓት በኋላ ገበያ ወርደን የመንገድ ሻጩን መነጽሮች አንድ በአንድ ሞከሩ። በአንዱ ከማዶ የታሰረችውን ፍየል ከነጢሟ አዩ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ።

«ምነው፣ እንዲህ ልጅ ነህ እንዴ? እኔኮ እኩያዬ ትመስለኝ ነበር» አሉ።

መመለሻ

በማግስቱ ሁለታችንም አለፍን፤ እሳቸው ጎንደር ሲደርሱ ዓይናቸውን በደንብ እንዲታዩ ተመክረው። በመልሱ ጉዞ መነጽራቸውን እንዳደረጉ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያው ፀሐይ መትቶት ያብለጨልጫል።

«ይኼ ሁሉ ቤት እዚህ ነበር እንዴ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ነበር አልኩ። ሰውም እንዳለበት ጠየቁኝ። አለበት አልኩ። እስከ ወለቃ ድረስ ጣሪያ ሲቆጥሩ መጡ።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸውና የሻረግ ደጅ ላይ ተቀበሉን። ከሥልጠናው ምን እንዳመጡ ሲጠየቁ አያ ደሴ ገና ሳይቀመጡ መለሱ።

«በዚህች ልጅ ሰርግ ማንም ወደ ሰማይ እንዳይተኩስ። ለዘመድ ሁሉ ካሁኑ ንገሩ።»

የሻረግ ወደ እኔ አየች። ዳባት ላይ ስለ አፈሙዝና ስለ ምላጭ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ሰርግ እንዳለኝ ግን ገና ያን ጊዜ ሰማሁ።