ዝገት አያስገድፍም

የበደለችኝ የአጎቴ ሚስት ናት። ጊዜው ጃንሆይ በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ እኔ ዲላ ሰባተኛ ክፍል ስማር፣ በሁዳዴ ጾም መካከል ነው። እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር፤ እኔ በበኩሌ ገና ነኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ምራቴ ሰሞኑን ያመጣችልኝ ቢላዋ ነው። «እማዬ፣ ይሄ አይዝጌ ነው፤ ውሃ ውስጥ ቢያድርም ምንም አይለው» አለችኝ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ምንም አይሸትም። እኔ የማውቀው ቢላዋ ይሸታል። ዝናብ የነካው ብረት ከንፈርሽ ሲደማ የምትቀምሺው ዓይነት ሽታ አለው፤ በዚያ ላይ አመድ፣ በዚያ ላይ የኑግ ዘይት። ምራቴ ቢላዋ ሳሸት አይታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

አንቺ የምታደምጪኝም፣ መጨረሻውን ሳትሰሚ አትሳቂ።

አባቴ የሚኖረው ደጋው ላይ፣ ቡሌ ነበር። እዚያ ከፍ ያለ ክፍል ስላልነበረ ዲላ፣ ቡና ነጋዴ ወንድሙ ቤት አስቀመጠኝ። የአጎቴ ቤት ከጀርባው ቡናና እንሰት የተተከለበት ሰፊ ጓሮ ነበረው። ለጓሮው ሥራ ገጀራዎች፣ ማጭዶችና አንድ ክንድ የሚያህል ትልቅ ቢላዋ ነበሩ። ሁሉም ቀጥቃጭ የሠራቸው፣ ቀለም የሚባል ነገር ያልነካቸው ጥቁር ብረቶች ናቸው። ዲላ ደግሞ ዝናቡ ከጀመረ ሰውም ይሻግታል። ማታ ያስቀመጥሽው ብረት ጠዋት ቀይ ጸጉር አብቅሎ ይጠብቅሻል።

አጎቴ የገባሁ ዕለት ብረቶቹን ደርድሮ አሳየኝና፣ «ትምህርትሽን ተማሪ። ሥራሽ እነዚህን መጠበቅ ነው። አንዱን ዝጎ ካገኘሁት ወደ አባትሽ ትመለሻለሽ» አለኝ። ቀልደኛ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጠበቅኋቸው። ሠራተኞቹ ከጓሮ ሲመለሱ ስለቶቹ የእንሰት ውሃ ጠጥተው ጠቁረው ይመጣሉ። አጥባቸዋለሁ፤ በጨርቅ አደርቃቸዋለሁ፤ ጨርቅ የማይደርስበትን እርጥበት እንዲለቁ ምድጃው አጠገብ ትንሽ አሞቃቸዋለሁ። ነጠብጣብ ካየሁ በእርጥብ ጨርቅ አመድ ይዤ እፈትጋለሁ፤ እምቢ ካለ ሎሚ። ከዚያ የኑግ ዘይት በስሱ። ትልቁ ቢላዋ አጎቴ የሚኮራበት የቆዳ ሰገባ ነበረው። እኔ ግን ቢላዋውን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ሰገባውን ባዶውን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፤ ቆዳ እርጥበቱን ጠጥቶ መልሶ ለብረቱ ያጠጣዋልና። የአጎቴ ሚስት ለእንግዳ ሁሉ፣ «ይህችን ልጅ አያችሁልኝ? ቢላዋውን ራቁቱን ታሳድረዋለች» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ትሳቅ። አንድም አልዛገብኝም። ይህን ያዢልኝ።

ሁዳዴ ገባ፤ ዝናቡም አብሮት ገባ። የአጎቴ ሚስት የዘይቱን ጠርሙስ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

«እትዬ፣ ለብረቱ ትንሽ ዘይት?» አልኳት።

«በሁዳዴ ዘይት ለብረት? እኛ ምን ልንበላ ነው?» ብላ ጓዳ ገባችና ከቅበላው በሬ የተረፈ ሞራ ይዛ ወጣች። «ይኸው፣ ይህን ቀቢው። እስከ ፋሲካ ማን ይነካዋል?»

«በጾም ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ብረት ይጾማል እንዴ?»

እውነቷን ነው፤ ብረት አይጾምም። «ወፈር አድርገሽ» ስላለችኝም ወፈር አድርጌ ቀባሁ። ትልቁ ቢላዋ ነጭ ካባ የደረበ መሰለ።

በዚያው ሳምንት አጎቴ ቡና ሊሰበስብ ወደ ሬኮ በሄደበት፣ የነፍስ አባታችን ሳይነግሩ መጡ። የአጎቴ ሚስት ምሳ ልታቀርብ ተጣደፈች። የማድቤቱ ቢላዋ ግን አልነበረም፤ ጎረቤታችን ተውሳው ነበር። ይህች ጎረቤት ገበያ ላይ ቆጮ የምትሸጥ የጌዴኦ ሴት፣ ባሏ የሞተባት፣ የሚሲዮን አማኝ ናት። የማትዋሰው ዕቃ አልነበረም፤ በአማርኛዋ ደግሞ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች። እንግዲህ ቢላዋ ሲጠፋ፣ የአጎቴ ሚስት ሞራውን ዘንግታ ከክፈፉ ሥር ትልቁን መዝዛ፣ ጭስ በሞላው ማድቤት ውስጥ ጎመኑን በእሱ ከተፈችው።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳው ቀርቧል። ደጃፍ ላይ ሆኜ ሸተተኝና ቆምኩ። የሁዳዴ ቤት እንዲህ አይሸትም። ቀና ብዬ ክፈፉን አየሁ፤ ትልቁ ቢላዋ የለም።

የነፍስ አባታችን ደስ ብሏቸው ይጎርሳሉ። «ዘንድሮ ጎመኑ ምን ነክቶት ነው? እስኪ ጨምሪልኝ» አሉ። ጨመረችላቸው። የጎመኑ መረቅ ላይ ትንንሽ የስብ ክቦች ከበሩ በሚገባው ብርሃን ያብለጨልጩ ነበር።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን የተዋሰችውን ቢላዋ ልትመልስ መጣች። እንደ ወጉ «እንብላ» ተባለች፤ እሷም እንደ ልማዷ ተቀመጠች። አንድ ጎረሰች። ፊቷ በደስታ በራ።

«ውይ! ጥሩ ነው ይሄ ጎመን። ሞራ አለው! እኔ እኮ እናንተ በጾም ባዶ ጎመን ነው የምትበላ ብዬ ነበር።»

የነፍስ አባታችን እጅ ከትሪውና ከአፋቸው መካከል ላይ ቆሞ ቀረ።

የአጎቴ ሚስት ክንዴን ይዛ ወደ ማድቤት ጎተተችኝ። «ምንም አልቀባሁትም በይ። ዝጎ ነበር በይ።»

«አልዛገም፣ እትዬ። ጋሼ ከሰሙ እኮ ያባርሩኛል።»

«ለጋሼሽ እኔ እነግረዋለሁ። ማርያምን! እንደመጣ እውነቱን እነግረዋለሁ።»

በማርያም የማለን ሰው አለማመን አልተማርኩም ነበር። ተመልሰን ገባንና ጎመኑን የከተፈችው እኔ በምጠብቀው ትልቅ ቢላዋ እንደሆነ ነገረቻቸው።

«ልጄ» አሉኝ የነፍስ አባታችን፣ «ቢላዋው ላይ የነበረው ምንድን ነው? አስተውለሽ መልሺልኝ።» ዓይናቸው የሚፈልጉትን መልስ ነግሮኛል።

«ዝገት ነው፣ አባ።»

«ዝገት!» አሉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ዝገት ከብረት ነው፤ ብረት ከመሬት ነው። ከመሬት የወጣ ሁሉ የጾም ነው። ዝገት አያስገድፍም!» ብለው የያዙትን ጎረሱ። ከዚያ በኋላ የቀረውንም ጨረሱት።

ጎረቤታችን ግን ከልቧ ተገርማለች። «ዝገት እንደዚህ ይጣፍጣል? እኔ ቤት ስንት አለ! ዝም ብዬ እፈትጋለሁ።»

አጎቴ ከሬኮ ሲመለስ ቤት ሳይደርስ የነፍስ አባታችን መንገድ ላይ አገኙት። «ቢላዋህን አስጠርግ እንጂ፤ ዝገት አበላችሁን እኮ» አሉት፣ እየሳቁ። እሱ አልሳቀም። በቅሎውን ሳያራግፍ ቀጥታ ወደ ብረቶቹ ሄደ። አንድ በአንድ እያነሣ አያቸው። ሁሉም ያብረቀርቃሉ። ትልቁን ቢላዋ በጣቱ ዳሰሰው፤ ጣቱን አየው፤ ግራ ገባው።

«ዝጎ ነበር ወይስ አልዛገም?» አለኝ።

የአጎቴን ሚስት አየኋት። ምስር ትለቅም ነበር። አልዛገም ብል ካህን ፊት ዋሽቻለሁ፤ ቤቱም ካህኑም ሁዳዴን በሞራ ገድፈዋል። ዝጓል ብል ትምህርቴ አበቃ። ስለዚህ ማርያምን ብላ የማለችልኝን ቃል ጠበቅሁ። ምስሩ ሰፌዱ ላይ ሽው ሽው ይላል። ጠጠር ታገኛለች፣ ትጥላለች። ዓይኗን ቀና አላደረገችም።

«እኮ!» አለ አጎቴ።

ያኔ፣ ሰፌዱን ሳታስቀምጥ፣ «አባ ፊት ራሷ ናት የተናገረችው» አለች።

ውሸት አልነበረም። ይቅር ያላልኳትም ለዚህ ነው። ብትዋሽ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ገብስ አራግፈው ወደ ቡሌ ከሚመለሱ አጋሰስ ነጂዎች ጋር ተላክሁ። ደብተሮቼን በኮባ ጠቅልዬ ከባዶ ጆንያዎች መካከል ሸጎጥኳቸው። ሽቅብ በሄድን ቁጥር ብርዱ እየጨመረ፣ የቡናው ዛፍ እየቀረ፣ ጉሙ እየወረደ መጣ። ነጂዎቹ ሲዘፍኑ እኔ የአልጀብራ ቀመር በልቤ እደግም ነበር፤ እንዳይጠፋብኝ።

አባቴ ደጅ ላይ አየኝና፣ «ምን አጥፍተሽ ነው?» አለ።

«ቢላዋ አዛገች ተባልኩ።»

እጄን ተቀበለኝና ገለበጠው። አመዱ የመዳፌ መስመሮች ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ነበር፤ በሳሙናም አይለቅም። አውራ ጣቱን በመስመሮቹ ላይ ሄድ መለስ አደረገ። «ይሄ እጅ?» አለ። ዛሬ እሱም የለም፤ ያን ጣቱን ግን አሁንም ይሰማኛል።

ፋሲካ እንዳለፈ እነዚያው ነጂዎች ከዲላ መልእክት ይዘው መጡ። ላኪዋ ጎረቤታችን ናት። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ምናልባት ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። ቃሏን ነጂዎቹ በራሷ አነጋገር እያስመሰሉ፣ እየተሳሳቁ ነገሩን። «ያ ልጅ የት ሄደ? እኔ ቤት ይምጣ፣ ይማር። የእኔ ቢላዋ ሁሉ ዝጓል።»

አባቴ ፈቀደ። ከጎረቤታችን ቤት ገብቼ፣ ከአጎቴ ቤት በአጥር ብቻ ተለያይቼ፣ ሰባተኛንም ስምንተኛንም ጨረስኩ። ቢላዋዎቿ እውነትም ዝገው ነበር፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ጥረጊ ብላኝ አታውቅም፤ «አንተ አጥና» ነው የምትለኝ። የአጎቴ ሚስት ሚሲዮን ገብታለች ብላ አስወራችብኝ። አልገባሁም። ጾሜን እዚያም ጾምኩ፤ ጎረቤታችን ለእኔ ለብቻዬ ድስት ገዝታልኝ ነበር።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት መጣ። አለፍኩ። የአጎቴ ሚስት በሠራተኛዋ እጅ አንድ ቀይ ዶሮ ላከችልኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ልጅ፤ ምነው ብቅ ብትይ» የሚል ቃልም ልካለች።

ዶሮዋ ወፍራም ነበረች። አርደን በላናት። መልስ አልላክሁም።