አባባ ካውቦይ ሊያይ የመጣ ዕለት

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ሸሪፍ» ይለዋል። በልጅነቱ ይወደው ከነበረ የካውቦይ ተከታታይ ፊልም የወጣለት ስም ነው፤ እሱም እንደ ማዕረግ ተሸክሞት ይዞራል። ሥራው ባቲላሜራ ነው። የተጋጨ መኪና ሲያቃና ይውላል፤ የተጨረማመተ በር ቀጥቅጦ ሲያስረክብ አዲስ ይመስላል። ክንዱ የሰው ክንድ አይደለም። ቁጡ ነው፣ ግን ቂም አያውቅም። ከደንበኛ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ ወዲያው ሻይ ይጋብዘዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን አንስማማም፤ አባታችን ላይ።

እሱ አባባን የሚያስታውሰው በዚያ ፊልም ነው። እግሩ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ በጣቱ ሽጉጥ ሠርቶ «ኪው! ኪው!» ሲል። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ያየሁትን አይቻለሁ። ተኩሱ ሲጀመር አባባ ቴሌቪዥኑን እስከ ጥግ ያስጮኸውና ተነስቶ ጓዳ ይገባል። እማዬ እዚያ ናት። በቀበቶ፣ በቡጢ፣ ባገኘው። አንዴ ጭንቅላቷን ከበሩ መቃን ጋር አላትሞት ደሟን በፎጣ የጠረግሁት እኔ ነኝ። ሸሪፉ ሳሎን ፈረስ ያያል። ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ!

አባባ ሌላ ሴት ጋ ገብቶ ስንት ዘመን ጠፋ። ያቺም ስታባርረው ዱላ ተመርኩዞ መጣና ማደሪያ ለመነ። እማዬ ዛሬም ያደግንበት ቤት ከሸሪፉ ጋር ናት።

«እታለም፣ አባት እኮ ነው። ሜዳ ላይ ይውደቅ?» አለኝ ሸሪፉ።

«ይውደቅ!»

«አንጀትሽ ድንጋይ ነው።»

«እማዬን ሊገድላት ነበር ስልህ አትሰማም?»

«ያኔ የትኛው ባል ነው በጥፊ ያልመታ? ታጋንኛለሽ።»

በግኜ ወደ እማዬ ዞርኩ። እማዬ ደግሞ «ልጄ ካለ ምን እላለሁ» ብላ አንገቷን ደፋች። እሁድ ይመጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ከዚያ የኋላው ክፍል ይሰጠዋል ተባለ። ከገባ አይወጣም፤ እማዬም በስተርጅና ከደብዳቢዋ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ልታድር ነው።

እሁድ ዕለት ሸሪፉ ያንን ፊልም በፍላሽ አስገልብጦ መጣ። አባባን ሊያስደስት! ሙዚቃው ጀመረ። ወንድሜ ይስቃል፤ «አየህ አባባ፣ ከተማው ካርቶን እኮ ነው! ያኔ እንዴት አምነን አየነው?»

ሽፍቶቹ ከተማውን ከበቡ። ተኩሱ ተጀመረ። አባባ ሪሞቱን አነሳና ድምፁን እስከ ጥግ ጨመረው። አስቦበት አይመስለኝም፤ እጁ ለምዶታል።

እማዬ ብድግ አለች። መነጽሯን አወለቀች፣ ጉትቻዋን ፈታች፣ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ማንም አልጠራትም።

ሸሪፉ እሷን አየ። ሪሞቱን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«መነጽሩን ከሰበረው ሌላ የለኝም» አለች፣ ከግድግዳው ሳትዞር።

ሸሪፉ አባባን በኮሌታው አንስቶ ከግድግዳ ጋር አላተመው። ቡጢው አፉ ላይ አረፈ፤ ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እየጎተተ ደጅ አውጥቶ ጭቃው ላይ ጣለውና ጎኑን በእርግጫ አለው። ሽማግሌው «ኡ ኡ! የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ሁለተኛው እርግጫ ሲያርፍ ግን ይገድለዋል ብዬ ፈራሁ፤ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። እንደ ጨርቅ ወረወረኝ።

ሰፈርተኛው በአንድ ጩኸት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መቀሷን እንደያዘች «አባትህን? እጅህን ይቁረጠው! ሰው አይደለህም እንዴ?» ትላለች። ወንዶቹ ሸሪፉን ተረባርበው ከሽማግሌው ላይ አነሱት።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች።

«እኔ ስጮህ የት ነበራችሁ?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ዝቅ አደረገች። «እኛማ... ጩኸት ስንሰማ ፊልሙ መስሎን ነዋ፣ እህቴ።»

«ፊልሙ እኮ» አለች እማዬ፣ «በሳምንት አንድ ቀን ነበር።»