ጨፌውን ማን አደረቀው

ከዕድሬ ያስወጡኝ ባላጠፋሁት ጥፋት ነው። ጨፌው የደረቀው ባሕር ዛፍህ ጠጥቶት ነው አሉኝ። ውሳኔውን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጠፉት። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ካደረስኩ በኋላ ነው፤ ያለማንም እርዳታ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያ ወረቀት የራሴ መባረሪያ ሆነ።

እዚህ ሱሉልታ ዕድር የሌለው ሰው ሬሳውን ብቻውን ይሸከማል። እናቴ ደግሞ አልጋ ይዛለች። በየጠዋቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ "እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው?" ትለኛለች።

ክረምቱ ሲወጣ አንዲት የጂኦግራፊ ዶክተር መጣች። የድሮውንና የዛሬውን የአየር ጠባይ ታጠናለች፤ ከረግረግ ሥር ጭቃ ታወጣለች። ዕቃ የሚሸከምላት ፈለገች፣ እኔ ሥራ ፈትቼ ተቀምጫለሁ፤ ተስማማን። ቡራዩ ሄድን፤ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ገደል ሥር ወንዙ ቀጥኖ በጠጠር መሀል ይሹለከለካል። ሰበታ ሄድን፤ ረግረጉን ፋብሪካና የአበባ እርሻ ከበውት ከብት በደረቅ እግሩ ይሻገረዋል።

"እዚህም የኔ ባሕር ዛፍ መጥቶ ነው የጠጣው?" አልኳት።

"ሥሩ ይህን ያህል አይረዝምም፣ ጋሼ" ብላ ሳቀች። ከተባረርኩ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

በመጨረሻ ተራው ለእኛ ጨፌ ደረሰ። የብረት ቱቦዋን በመዶሻ እየመታሁ ወደ ውስጥ ሰደድኩት። ሰፈርተኛው ተሰበሰበ፤ የዕድሩ ዳኛም ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ቱቦውን ስበን ጭቃውን ጆንያ ላይ ዘረጋነው። መልኩ አንድ አልነበረም። አንዱ ጥቁር፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ እንደገና ጥቁር፣ መሀሉ ላይ ቀጭን የከሰል መስመር።

"ጥቁሩ ውሃ ተኝቶበት ሣር የበሰበሰበት ዘመን ነው" አለች ዶክተሯ። "ግራጫው የደረቀበት። ከሰሉ ደግሞ ደረቁን ሣር እሳት ሲበላው የቀረ ነው። ይህ ሁሉ ባሕር ዛፍ አገራችን ከመግባቱ በፊት ነው።"

ጨፌው ደርቆ ሞልቷል፣ ሞልቶ ደርቋል፤ ከእኔ በፊት፣ ከአባቴም በፊት። ጣቴን ከመስመር ወደ መስመር እየሳብኩ ጎንበስ ብዬ ቀረሁ፤ ፊደል እንደ አዲስ የቆጠርኩ መሰለኝ።

ዳኛው ግን በቀላሉ አይረቱም። "ድሮ ደረቀ እንበል። የአሁኑንስ ማን አደረቀው?"

"ዛፉም ይጠጣል፣ አልዋሽም" አለች።

"ሰማህ?" አሉኝ ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀስረው።

"ግን ይህን ቦይ ማን ቆፈረው?" አለች ዶክተሯ።

ዳኛው የቆሙት ቦዩ አፋፍ ላይ ነው። የለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ ጭቃ በዛበት ተብሎ፣ ዕድርተኛው በሙሉ በደቦ ወጥቶ የቆፈረው ቦይ ነው። የጨፌውን ውሃ ጠርጎ ወደ መንገዱ ይወስደዋል። ለካ ለሙታን ስንል ጨፌውን ገድለነዋል።

ከኋላ አንዱ "ኦቦ፣ ጫማዬ ጨቀየ ብለው ያስቆፈሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለ። ሰዉ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ሳቀ።

ዳኛው በኦሮምኛ አጉረመረሙ። ከዚያ "ቦዩን እንደፍናለን። አንተም ውሃው ዳር ያሉትን ዛፎች ቁረጥ" አሉኝ።

"መጀመሪያ ቦዩ።"

"አፍህ አያርፍም አንተ።"

"የተባረረ ሰው ምን አፉን ያሳርፈዋል?"

ይቅርታ አልጠየቁኝም። ሽማግሌ ገብቶ ቦዩ ተደፈነ፣ እኔም ዳር ዳሩን ቆረጥኩ። ወረቀቱን ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ የገነጠልኩት በገዛ እጄ ነው። ቦዩ እንደተደፈነና ዕድሩ እንደሚመልሰኝ ለእናቴ ስነግራት ከግድግዳው ወደ እኔ ዞረች። "ታዲያ ሜዳው ተመልሶ ሊጨቀይ አይደል? እንግዲያ ጭቃው እስኪደርቅ አልሞትም" አለችኝ።

ስሜ ወደ ዕድሩ የተመለሰው ኅዳር 12 ቀን፣ ሚካኤል ዕለት ነው።