ላይክ የጠፋበት ሳምንት

ልብስ ሰፊው ግልፍ ያለው ቀን አይጣል ነው። አንገቱን ሊያስለካ የቆመ ደንበኛ ከስልኩ ቀና አልል ቢለው፣ "እኔስ ከሱ በምን እሻላለሁ?" ብሎ ፌስቡክን ከራሱ ስልክ ላይ ድራሹን አጠፋው። "ወሬ የፈለገ በእግሩ ይምጣ!"

በሳምንቱ ሦስት በር አልፋ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ጫማዋን አዛንቃ ተጫምታ እያለከለከች ሱቁ ገባች።

"ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ? ለልጄ ምርቃት እንኳ ላይክ ነፈግኸን!"

"ደህና ነኝ እትዬ። ብቅ ብትዪ ታዪኝ ነበር።"

አልሰማችውም። ዓይኗ ፀጉሩ ላይ ቀርቷል።

"አንተ! ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሸበትከው?"

"አራት ዓመት ሆነኝ።"

"ፎቶህ ላይ እኮ ጥቁር ነው!"

"እሱማ መች ያረጃል!" አላት፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። "አንቺም እኮ እዚያ ላይ ጥርስሽ ሙሉ ነው።"